ሁለተኛው ንድፊያ

አርባ ዓመት ከንብ ጋር የኖረችን ሴት ማንም ምንም አልጠየቃትም። ምራቷ በቃሬዛ ሆስፒታል ስትገባ ሐኪሙም ነርሷም ያነጋገሩት ወንድ ልጇን፣ የምራቷን ባል ነው፤ እሱ ደግሞ ስትነደፍ አላየም። ጎረቤት ሁሉ «እማማ ቀፎ» የሚላት ይህች ሴት ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትነጫነጫለች።

«ይህ ሁሉ ግርግር ለአንዲት ንብ» አለች፣ የሰማ ይስማ ብላ።

አጠገቧ ነጭ ጋወን የለበሰች የላቦራቶሪ ባለሙያ ዳቦ ልትቀምስ አረፍ ብላ ነበር። «የተነደፈችው ልጅዎ ናት እማማ?»

«ምራቴ ናት። ተባረኪ፣ አንቺ ጠየቅሽኝ። አሁን ትንፋሿ ተመልሷል። ባለፈው ወር አንዷ ነድፋት ምንም አልሆነችም፤ እጇ ትንሽ አብጦ ጎደለ። ዛሬ ጓንቱን አውልቂና ግቢ አልኳት፣ ገላዋ ይልመደው ብዬ። እኔም የለመድኩት እንዲሁ ነው። ስትድን ቀስ እያልኩ አስለምዳታለሁ።»

ወጣቷ ዳቦውን ወደ ወረቀቱ መለሰችው። «እንዲህ ካደረጉ ይገድሏታል።»

«እኔ? ከወለድኩት አብልጬ ነው የምወዳት። እሱ ቀፎ ሲያይ ይሸሻል፤ ሥራዬን የምትይዝልኝ እሷ ናት።»

«ስለሚወዷት ነው የምነግርዎ። የእርስዎ ገላ ለምዷል፤ የሷ ግን ቂም ያዘ። በመጀመሪያው ንድፊያ መርዙን የሚለይ ነገር ሠራ። ያ መለያ ማስት ሴል የሚባሉ ጥቃቅን ዘበኞች ላይ ተለጠፈ። ከቆዳዋ ሥር፣ በመተንፈሻዋ ዙሪያ አሉ፤ ሆዳቸው በኬሚካል ከረጢት የተሞላ ነው።»

«ዘበኛ ጌታውን ያጠቃል?»

«ሲደናገጥ አዎ። ዛሬ መርዙ መጥቶ መለያዎቹን እርስ በርስ ሲያያይዛቸው፣ ዘበኛው ውስጥ ኢንዛይም የሚባል ሠራተኛ ነቃ። ቀጣዩ ሠራተኛ ላይ ምልክት ይለጥፋል፤ እሱም ነቅቶ በሚቀጥለው ላይ። በዚህ ቅብብል ከረጢቶቹ ይከፈታሉ። የፈሰሰው ነገር የደም ግፊቷን ይጥለዋል፣ የአየር ቧንቧዋን ያጠባል።»

እማማ ቀፎ ፊደል አልቆጠረችም፤ ነገር ግን እውነት ስትሰማ ታውቃለች፣ አፏ ቶሎ ባያምንላትም።

«የቀፎ በር ላይ እንደምትቆመው ንብ ነዋ» አለች። «እሷ ስትቆጣ ሽታ ትለቃለች፤ ያሸተተችውም ሌላ ትለቃለች፤ ሳታስቢው ቀፎው ሁሉ ላይሽ ላይ ነው። ጢስ የምነፋው ለምን መሰለሽ? ሽታው እንዳይዳረስ።»

ወጣቷ ሳቀች። «ይህን ለመማር አራት ዓመት ፈጅቶብኛል።»

«እኔ ዘንድ ብትመጪ በአንድ ጠዋት ትጨርሺው ነበር።»

«ሳይንቲስቶችም ጢሱን እየፈለጉ ነው፤ ኢንዛይሞቹን የሚያስቆም መድኃኒት። ለዛሬው ያለን ጭን ላይ የሚወጋው አድሬናሊን ነው፤ ያተረፋትም እሱ ነው። ማለማመድም አለ፤ ግን መርዙ በጠብታ ተለክቶ፣ ሐኪም አጠገቧ ቆሞ፣ ለዓመታት።»

«አለ አልሽ? እንግዲያ ሙሉ በሙሉ አልሳትኩም።»

«ቀፎ ደጃፍ ላይ ግን አይደለም እማማ።»

«አይደለም» አለች፤ ድምጿ ወረደ። ይህን ቃል ለመናገር ስንት ዓመት እንደፈጀባት የሚያውቋት ያውቃሉ። በልቧ ወሰነች፦ ምራቷ ሕክምናውን እስክትጨርስ ከቀፎ ትርቃለች፤ ማሩን እያጠለለች ቤት ትውላለች፤ ያ የአድሬናሊን መርፌ ከቀሚሷ ኪስ አይለይም። ምናልባት አንድ ቀን ጓንቷን አጥልቃ ትመለሳለች። ሬሳ ግን ምንም አይወርስም።

የክፍሉ በር ተከፈተ፤ ነርሷ ብቅ ብላ ባልየው የመርፌውን አወጋግ እንዲማር ጠራችው።

እማማ ቀፎ ከልጇ ቀድማ ተነሥታ ነርሷ ፊት ቆመች።

«እሱ ቀኑን ሙሉ ከቤት የለም፤ አጠገቧ የምውለው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ወረቀትሽ ላይ ጻፊ፦ ጓንቱን ያስወለቅኳት እኔ ነኝ። ቀጥለሽ መርፌውን ለእኔ ስጪኝ። ማንበብ ባልችልም እጄ አይንቀጠቀጥም። አሳዪኝ፤ ከዚያ እኔ ሦስት ጊዜ ሳላሳይሽ ከዚህ በር እንዳታስወጪኝ።»