ወረቀት የሌለው ሞተር

የሰው ወሬ አልወድም፤ ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ በሚኒባስ ስንሄድ ግን ያገኘሁት ቦታ ከሁለት ተሳፋሪዎች ኋላ ነበር። አንድ ሽማግሌ አዲስ የውኃ መሳቢያ ሞተር በካርቶን ይዟል፤ አጠገቡ የማያውቃት ወጣት ተቀምጣለች።

“ያለ መመሪያ ሞተር ይሸጣል? ወረቀቱን አጉድለውብኛል” አላት።

“አልጎደለም አባባ። ካርቶኑ ላይ ያለችውን ይቺን የተዥጎረጎረች ምልክት በስልክ ሲያነሷት መመሪያው ይከፈታል። ዓረብ አገር የቤቱን ማሽን ሁሉ በዚህ ነው የለመድኩት።”

“የእኔ ስልክ ከመደወል በቀር ሙያ የለውም።”

“እኔ ላንብብልዎት።”

“አይ ልጄ፣ የምታነበው ባለቤቴ ናት።”

“እርስዎ አያነቡም?”

“አነባለሁ እንጂ! ዲያቆን ነበርኩ።”

“ታዲያ?”

“የፊተኛውን ሞተር መመሪያ እሷ አንብባ፣ ‘ዘይት ሳይሞላ እንዳይነሳ ይላል’ አለችኝ። ‘ሴትን ከሞተር ምን ዶላት’ ብዬ ጎረቤት ፊት አስነሳሁት።”

“ተቃጠለ?”

“ተቃጠለ። ድንቹም ማሳው ላይ ደረቀ። ይህን እሷ አንብባ ካላዘዘችኝ አልነካውም።”

“ነግረዋታል?”

“ምን ብዬ?”

“‘ያን ጊዜ ልክ አንቺ ነበርሽ’ ብለው።”

“እሱ ከባድ ነው። ወረቀቱን ስሰጣት ይገባታል።”

“ገሳይ ፎቶ ኮፒ ቤት አለ። ከስልኬ አሳትሜ እሰጥዎታለሁ፤ ግን በአፍዎም ይንገሯት።”

ሰውዬው ካርቶኑን ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ፣ “ፊደሉ ጎላ ይበል፤ ዓይኗ ደክሟል” አላት።

እኔ ከኋላቸው ሆኜ፣ አንድ ቀን እንኳ ‘ልክ አንቺ ነበርሽ’ ሳይለኝ አፈር ከለበሰ የቆየውን ባሌን በልቤ እንደገና ቀበርኩት።