የደሴቶቹ ብር

በኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ያገባች ሴት ከማተቧ ጋር ብር ካላንጠለጠለች "ባልሽ የት ሄደ?" ትባል ነበር። ኪሮስ ሲያገባኝ ጠገራ ብር አስርላታለሁ ብሎ ለአባቴ ምሎ ነበር፤ ሁለት ልጅ ወለድን፣ ጠገራው አልመጣ። ታዲያ አንድ ቀን ከደሃና አህያውን ነድቶ ሰቆጣ ገበያ ሄደ፣ ጠገራ ቢፈልግ ቢፈልግ አጣ፣ እና ሐጂ ይማም ሱቅ ገባ። ሐጂ ጨርቅ የሚሸጡ የከተማው ነጋዴ ናቸው።

"ጠገራ የለኝም፣ ይቺን ውሰድ" አሉት። "ብርነቷ ያው ብር ናት። አስመራ ሳለሁ አንድ ግሪክ ሱቁን ዘግቶ አገሩ ሲገባ የሰጠኝ ናት።"

አንድ ማሰሮ ማር ሰጥቶ አመጣልኝ። ገልብጬ አየሁት፤ እንደ ጠገራው ንግሥት የለችበት፣ ንጉሥ የለበት። ባንድ በኩል የማይነበብ ጽሑፍ፣ በሌላው በኩል እዚህም እዚያም ነጠብጣብ።

"ኪሮስ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ብር ነዋ።"

"ብርነቱንስ አየሁት፤ ላዩ ላይ ያለው? ፈንጣጣ የነካው ፊት እኮ ነው የሚመስል።"

"አንገትሽ ላይ ሲሆን ማን ቀርቦ ያየዋል?" አለኝ።

ማን እንዳየው ልንገራችሁ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር አየው። ስብሰባ ላይ ፊት ተቀምጬ ልጅ ሳጠባ፣ ንግግሩን አቋርጦ መጣ፣ ጎንበስ አለና ብሩን በጣቱ ያዘ። እሱ ደግሞ ሥልጠና ወስጄ ካርታ ማንበብ ተምሬያለሁ ባይ ነው።

"ይሄ ካርታ ነው" አለ። "ይቺ ሰቆጣ፣ ይሄ አበርገሌ፣ ይሄ ደግሞ የወንበዴው ሰፈር።"

ሰዉ ሁሉ ካጠገቤ ፈቀቅ፣ ፈቀቅ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ከዚህ ባነሰ ነገር ተወስዶ ያልተመለሰ ሰው እናውቅ ነበር።

ታዲያ በማግስቱ እኔ ልጄን አዝዬ፣ ኪሮስ እጁን ታስሮ፣ ታጣቂዎች በእግር ሰቆጣ ወሰዱን፣ የደርጉ ካድሬ ዘንድ። ካድሬው ወጣት ነው፣ ባለመነጽር፣ ከሌላ አገር የመጣ። ብሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ነጠብጣቡን በእርሳስ ጫፍ ይነካካል፣ ሊቀ መንበሩም ከጎኑ ቆሞ "ይሄ ተከዜ ነው፣ ጓድ" ይላል።

ኪሮስ ባገራችን ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ "ዝም በይ፣ እኔ ልናገር" አለኝ።

"ምንድን ነው የተባባላችሁት?" አለ ካድሬው።

"ውሃ ጠማኝ ነው የሚል" አልኩ። እና ውሃ መጣለት፣ ሳይጠማው ጠጣ።

ኋላ ኪሮስ ብሩን ከማን እንዳገኘው ሲናገር ሐጂን አስጠሩ። ጥምጣማቸውን እያስተካከሉ ገቡ፤ ከኛ ይልቅ እሳቸው ፈርተዋል።

"ሐጂ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ደሴት ነው፣ ጓድ።"

"የምን ደሴት?"

"የግሪክ። ባሕር መካከል ያለ መሬት ነው። ግሪኩ እንዳጫወተኝ ደሴቶቹ በባዕድ እጅ ነበሩ፣ ከዚያ በኋላ..."

"ከዚያ በኋላ ምን ሆኑ? ተገነጠሉ?"

እናንተ ልጆች፣ ያቺ ቃል ያን ጊዜ ምን እንደነበረች አታውቋትም። ሐጂ ካድሬውን አዩ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን መፈክር አዩ፣ እኔን አዩ፣ ያዘልኩትን ልጅ አዩ።

"የለም፣ ጓድ" አሉ። "ተቀላቀሉ። ከእናት አገራቸው ተቀላቀሉ። ለዚያ ደስታ ነው ብሩ የተሠራው።"

ካድሬው መነጽሩን አወለቀ። "ለአንድነት?"

"ለአንድነት፣ ጓድ።"

ካድሬው ወደ ሊቀ መንበሩ ዞረ። "ይቺ ሴት አንድነትን ባንገቷ አስራ ስትሄድ፣ አንተ ባሏን ታስራለህ?"

"እኔ እኮ ካርታ ነው ነው ያልኩት" አለ ሊቀ መንበሩ፣ ድምፁ ቀጥኖ።

ኪሮስን ፈቱት። በዚህ ባበቃ ደግ ነበር። በገበያው ቀን ሕዝብ ተሰብስቦ መድረክ ላይ አወጡኝና ካድሬው ብሩን ወደ ላይ እየሳበ "ተመልከቱ" ይላል፤ ማተቤ ሊያንቀኝ ደረሰ፤ ሰዉ አጨበጨበ፣ እና የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበር ሆነሻል ተባልኩ። እኔ፣ ያን ጊዜ አማርኛ እንኳ በቅጡ የማልናገረው! ከዚያ ወዲያ እኔ ስብሰባ ለስብሰባ ስዞር ኪሮስ ልጅ አዝሎ ገብስ ሲያሰጣ ኖረ።

ያን ቀን ከመድረኩ ወርጄ የሐጂን ጉልበት ልስም ብል "ተዪ" አሉኝ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው። "ግሪኩ ተቀላቀሉ ይበል፣ ተገነጠሉ ይበል፣ አላስታውስም። የካድሬውን ፊት አይቼ ነው የተናገርኩ።"

ይቺን ለኪሮስም አልነገርኩት። አፉ አይታመንም።

ታዲያ ደርግ ወደቀ፣ ብዙ ዘመን አለፈ፣ እና አንድ ጊዜ ሆዴን አሞኝ ሰቆጣ ሐኪም ቤት ስገባ አንድ ፈረንጅ ሐኪም ሲመረምረኝ ብሩን አየና እጁን አቆመ። በአስተርጓሚ "ይሄ ያገሬ ገንዘብ ነው" አለኝ።

"ጽሑፉ ምን ይላል?"

"ደሴቶቻችን ካገራችን አንድ የሆኑበት መታሰቢያ ነው።"

ሳቅ ያዘኝ። ሆዴን ይዤ ብስቅ ብስቅ፣ ሐኪሙ ሕመሙ የባሰብኝ መስሎት ጋደም በይ ይለኛል።

ከዚያ ስወጣ በቀጥታ ሐጂ ቤት። አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል።

"ሐጂ፣ ያኔ ካድሬው ፊት የተናገሩት እውነት ነው። የዚያው አገር ሰው፣ ግሪክ ሐኪም፣ አነበበልኝ።"

"ተቀላቅለዋል?"

"ተቀላቅለዋል።"

ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው "አልሐምዱሊላህ" አሉ። "እኔ ይህን ሁሉ ዓመት በየሰላቱ፣ ያቺን ውሸቴን ማረኝ እያልኩ አላህን ስለምን ኖርኩ። ለካ በከንቱ ነው ጉልበቴን የጨረስኩት!"