የአብዲቃድር ሮብሌ የሞት ወረቀት

የምስክር ስም፦ ወይዘሮ ዓምራን ጉሌድ
ዕድሜ፦ 29 ዓመት
አድራሻ፦ ድሬዳዋ፣ መጋላ
ሥራ፦ ቅመም ችርቻሮ
ቃል የተሰጠበት፦ ጥር 19 ቀን 1954 ዓ.ም. ከጧቱ 3 ሰዓት
ምክንያት፦ ዲሪር ሮብሌ በሐሰተኛ የሞት ማስረጃ ተከሶ የተፈረደበትን መዝገብ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሲመረምር፣ ተከሳሹ ወረቀቱ ሐሰት መሆኑን ያውቅ እንደሆነ ምስክሯ እንደገና እንድትጠየቅ ስላዘዘ።

አብዲቃድር ሮብሌን ያገባሁት በ1943 ዓ.ም. ነው። ኪንሲ የምትባል ልጅ ወለድን። ልጅቱ ዓመት ሳይሞላት ባሌ በጅቡቲ በኩል ወጥቶ በመርከብ ላይ ከሰል የመጨመር ሥራ ያዘ። ደብዳቤው በወንድሙ በዲሪር ሱቅ አድራሻ ይመጣ ነበር። ማንበብ ስለማልችል የሚያነብልኝ ዲሪር ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደብዳቤ የለም ተባልኩ።

በመስከረም ወር 1949 ዓ.ም. ዲሪር አጣርቶ ሊመጣ በባቡር ጅቡቲ ወረደ። በስምንተኛው ቀን ማኅተም ያለበት የፈረንጅ ወረቀት ይዞ ተመለሰ። "ዓምራን፣ አብዲቃድር በወባ ሞቷል፤ እዚያው ቀብረውታል" አለኝ። እሱም አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ። አራት ወር ከአሥር ቀን ኀዘን ተቀመጥኩ። ከዚያ ዘመዶች በልማዳችን መሠረት ለሟቹ ወንድም ትሁን ብለው ለዲሪር ሰጡኝ። ክፉ ነገር አላየሁበትም። ኪንሲን ትምህርት ቤት ያስገባት፣ ኩፍኝ ሲይዛት አዝሎ ሐኪም ቤት ያደረሳት እሱ ነው። ሃዎ የምትባል ልጅ ወለድኩለት።

ሚያዝያ 11 ቀን 1953 ዓ.ም. ከቀኑ 7 ሰዓት ግድም በራፍ ላይ ሃዎን ሳጥብ አንድ የከሳ ሰው መጥቶ ቆመ። በስሜ ሲጠራኝ በድምፁ አወቅሁት፤ አብዲቃድር ነው። ራሴን ስቼ ወድቄ ጎረቤቶች ውሃ ረጩኝ። በሳንባ በሽታ ሞምባሳ ተኝቶ እንደነበር፣ ደብዳቤ ግን አለማቋረጡን ነገረኝ። ሃዎን አየና "ይቺ የማን ናት?" አለኝ። በዚህ መካከል ኪንሲ ለምሳ ከትምህርት ቤት መጣች። "አባትሽ ነኝ" ቢላት "አባቴ ጓዳ ነው ያለው" አለችው። ሻንጣውን አንሥቶ ወጣ።

ቃዲው ከዲሪር ጋር የነበረውን ጋብቻ አፈረሱት። አብዲቃድር ዋሂል በምትባል መንደር እህቱ ዘንድ ስለገባ ሽማግሌ ላክሁበት። "እሷ ጥፋት የለባትም። ግን ፊቷን ሳይ ወንድሜ ይታየኛል" ብሎ ፈታኝ።

ተከሳሹ ወረቀቱን ከደላላ ገዝቶ እውነት መስሎት እንደነበር መናገሩ ተገልጾልኝ፣ የማውቀው ካለ ተጠየቅሁ። በመጀመሪያው ቃሌ ምንም አላውቅም ብዬ ነበር። እንዲያ ያልኩት ሃዎ ያለ አባት እንዳትቀር ብዬ ነው። እውነቱ ግን አብዲቃድር በስሜ ሲጠራኝ፣ ራሴን ከመሳቴ በፊት፣ ዲሪር ለሶላት ሊታጠብ ማንቆርቆሪያ ይዞ ከጓዳ ወጥቶ ነበር። አልጮኸም፣ አልደነገጠም። ማንቆርቆሪያውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠና ከሐረር እንደመጣ እንግዳ "መቼ ገባህ?" ብሎት ተመልሶ ጓዳ ገባ።

ይህን በመናገሬ እስራቱ እንደሚጸናበት ተረድቻለሁ። ከዚህም ስወጣ የምሄደው ለእሱ ምሳ ለማድረስ ወህኒ ቤት ነው።

ቃሌ ተነቦልኝ፣ የከበደኝም በሶማሊኛ ተተርጉሞልኝ፣ ሳይጨመርና ሳይቀነስ እኔው የተናገርኩት እውነት ስለሆነ የግራ አውራ ጣቴን አሳርፌበታለሁ።

የምስክር ጣት አሻራ፦ ዓምራን ጉሌድ
አስተርጓሚ፦ ሙመድ ኦብሲዬ (ፊርማ)
ቃል ተቀባይ፦ የሃምሳ አለቃ ማንያዘዋል ደስታ (ፊርማ)