ማጥፊያ የሌላት ሪሞት

ዓለም ባንክ ሰፈር የተከራየነው ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ያፍናል፤ ኤሲ የገባው ለዚያ ነው። የኤሲው ሪሞት ሲበላሽብን እኔ ሆዬ ከተጣለ የቴሌቪዥን ሪሞት ምልክት የምትልከውን ትንሿን አምፖል ነቅዬ፣ ከስልኬ የምትታዘዝ ሌላ ሪሞት ሠራሁ። እሁድ ጠዋት ኤሲውን ማብራት ቻለች። ማጥፊያውን ነገ እጨርሰዋለሁ ብዬ ተውኩት።

ከሰዓት የባለቤቴ እናት መጡ። ሳንባ ምች አሟቸው ገና ማገገማቸው ነው። ቁጭ ከማለታቸው ስልኬን ነካሁ፣ ኤሲው ተነሳ። "ተባረክ ልጄ" አሉኝ። ይሄኔ ልቤ አብጦ እንዴት እንደሠራኋት ከመጀመሪያው ጀምሬ ማስረዳት ያዝኩ። እሳቸው ነጠላቸውን ደጋግመው እየተከናነቡ "እሺ፣ ይገርማል" ይላሉ። ባለቤቴ ከጓዳ ወጥታ እጃቸውን ስትይዝ ደነገጠች።

"እጇ በረዶ ሆኗል እኮ፣ አጥፋው" አለችኝ።

በምን ላጥፋው? ወንበር ላይ ወጥቼ ስፒናውን ነቀልኩ።

"እማዬ፣ ምነው በርዶኛል ቢሉኝ?"

"እንዲህ ደስ ብሎህ እያስረዳኸኝ እንዴት ላቋርጥህ ልጄ?" አሉኝ፣ ከንፈራቸው እየተንቀጠቀጠ።

ስፒናውን በእጄ እንደያዝኩ ከወንበሩ ለመውረድ አፈርኩ።