ከጂዳ የመጣው ሻሽ

ያኔ መካነ ሰላም ውስጥ የሥዕል ማተሚያ ሲልክ ስክሪን ከየት ይመጣል? ቤት ውስጥ ልሥራው ብዬ ተነሣሁና ቀለም እንደ ወንፊት የሚያሳልፍ ስስ ጨርቅ አጣሁ። እናቴ ናት፣ ታላቅ እህቴ ዘሃራ ከጂዳ የላከችላትን ሻሽ ከሳጥኗ መዝዛ «እንካ፤ ወላሂ ይሄ ፀጉሬንም አይሸፍን» ያለችኝ። አሮጌ የመስኮት ክፈፍ ላይ ወጥሬ በሚስማር መታሁት። ደጃችን ያለውን ወይራ ሣልኩበትና ከወይራው ውጪ ያለውን ሁሉ በጥፍር ቀለም ደፈንኩት። ቀለሙን በነጠላ ጫማ ሶል ስገፋው ወይራው ከሥር ጨርቁ ላይ ቁጭ! የእኛ መጋረጃ፣ የጎረቤት ትራስ፣ ሁሉም ወይራ ሆነ።

ዘሃራ ለእረፍት የመጣች ዕለት ገና አረፍ ሳትል «እማ፣ ሻሹን ለምን አልለበስሽውም? አልወደድሽውም እንዴ?» አለች። እናቴ ወደ እኔ አየች። ምን ላድርግ፣ ክፈፉን ከጓዳ አምጥቼ ዘሃራ ፊት አቆምኩት። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ አንስታ ወደ በሩ ብርሃን አዞረችው። ወይራው ብቻ ቦግ ብሎ በራ።

መመለሻዋ ሲደርስ ለእናቴ ወፈር ያለ ሻሽ ገዛችላት። ያንን አሮጌውን ግን ሚስማሩን ነቃቅላ፣ ጠቅልላ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችው።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄን ቆሻሻ ምን ልታደርጊው ነው?» አለቻት እናቴ።

«የምሠራበት ማድ ቤት መስኮቱ የሚያሳየኝ ግንብ ብቻ ነው» አለች ዘሃራ። «መስኮቱ ላይ እሰቅለዋለሁ።»