ለእንግዶች የተቀመጠው ውሃ

ሰሞኑን ግራና ከተማ ላይ ስለ ሙቀት ሠልጥነን መጣን። ሥልጠናው የተሰጠን በጠራራ ፀሐይ፣ ቆርቆሮው እንደ ምድጃ በጋለ አዳራሽ ውስጥ ነው። ከወልድያ የመጣው አሠልጣኝ ሙሉ ሱፍ ከነክራቫቱ ለብሶ፣ «እስኪጠማችሁ አትጠብቁ፣ ውሃ ጠጡ! ፀሐይ ሲበረታ ጥላ ፈልጋችሁ እረፉ!» እያለ ይመክረናል። ውሃውማ ነበር፤ በክብር እንግዶች ጠረጴዛ ላይ ተደርድሯል። እንግዶቹ ናቸው ያልመጡት። አጠገቤ የነበሩት ሼህ ሰይድ የሥልጠናውን አስተባባሪ «እስቲ አንዱን ወዲህ በይ» ቢሏት፣ ደንግጣ «አባባ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እሱ ለእንግዶቹ ነው» አለቻቸው።

አሠልጣኙ «ሰው በሙቀት መጎዳቱን የምናውቀው ሲያዞረው ነው» እንዳለ ተንገዳግዶ ከነማይክሮፎኑ ወደቀ። «ያ አላህ!» አሉ ሼሁ። ተሸክመን ውጭ ካለው ዋርካ ጥላ ሥር አጋደምነውና ክራቫቱን ፈታሁለት። አስተባባሪዋ ውሃውን እንዳቀፈች «እንግዶቹ ሲመጡ ምን እላለሁ?» ስትለኝ፣ «አሠልጣኙ ሞተ በያቸው!» ብዬ ነጠቅኋት። ፊቱንና አንገቱን አራስነው። ነቃ ሲል ሼሁ «አብሽር ልጄ» እያሉ ቀስ አድርገው አጠጡት። የቀረውን እኛ ተከፋፍለን እዚያው ጥላው ሥር ጋደም አልን።

እንግዶቹ የደረሱት ይኼኔ ነው። ሠልጣኙ ሁሉ ጥላ ሥር ተጋድሞ ውሃ ሲጠጣ ያዩት የእንግዶቹ አለቃ ከመኪናቸው እንደወረዱ አጨበጨቡ። «ሥልጠና ማለት እንዲህ በተግባር ሲሆን ነው!»

አሠልጣኙ እንደተጋደመ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «እናመሰግናለን፤ ብዙ ተዘጋጅተንበታል» አላቸው።