በኅዳር ሚካኤል ማግስት የተቀዳው

— ሄሎ? … ሄሎ! አብዱ! … እኔ ነኝ፣ አመተ ሥላሴ። ከጠዋት ጀምሮ ስደውል «አይገኝም» ይለኛል፤ ሞጣ ላይ ኔትወርክ የላችሁም እንዴ? … አሃ። … እኛ ደኅና ነን፣ ተመስገን። ኸይራት እንዴት ናት? ልጆቹስ? … ጎሽ። … አዎ፣ ፊቱ ተቀምጫለሁ፤ ሁለቱም በርተዋል። ትሰማኛለህ? … እሺ፣ ቀስ ብለን እንሂድ። እኔም አልቸኩልም።

አልቸኩልም አለች እንጂ እግሯ ከጠረጴዛው ሥር መሬቱን እየደበደበ ነበር። ፊቷ ሁለት ኮምፒውተሮች አሉ። አንዱ የራሷ ላፕቶፕ ነው። ሌላው የአባቷ የመሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ አሮጌው ትልቁ ኮምፒውተር ነው፤ ሆዱ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። አብዱልሐኪም ባለፈው ድምፁን በስልክ ሲሰማ «ሃርድ ዲስኩ እየሞተ ነው፣ ቶሎ ያለውን አውጪ» ብሏት ነበር። የፍላሽ መሰኪያዎቹ ከተበላሹ ቆይተዋል። ወደ ሞጣ እንዳይላክ፣ ከጉንደ ወይን ወዲያና ወዲህ ያለው መንገድ ሲያንገጫግጨው ጨርሶ ይገድለዋል፤ ለነገሩ ሰሞኑን መኪናም የለም። የቀረው አብዱልሐኪም እዚህ ቢቸና የኮምፒውተር ሱቅ በነበረው ጊዜ ትቶት በሄደው ገመድ ሁለቱን ማገናኘት ብቻ ነው።

ይኼ ሁሉ ጭንቅ ለቅኔው ትምህርት አይደለም። መሪጌታ ለዓመታት እያስተማሩ የቀዱትን ተማሪዎቻቸው ሁሉ በስልካቸው ይዘውት ይዞራሉ። ተማሪዎቹ የያዙት ግን የጠራውን ነው። መሪጌታ ሲቀዱ በሩ ይከፈትና ሚስታቸው ይርጋነሽ ትገባ ነበር፤ ምሳ ቀረበ ትላለች፣ ሰው መጣልዎ ትላለች፣ አንዳንዴም ዝም ብላ የመጣላትን ታወራለች። መሪጌታ «ይኼ ትምህርት ነው፣ የቤት ወሬ ይውጣለት» አሉና ለአብዱልሐኪም ሰጡት፤ እሱም የሷን ድምፅ እየቆረጠ አወጣ። ባለፈው ዓመት ይርጋነሽ ሞተች። ፎቶማ አላት። ድምፅዋ ግን የቀረው ያልተቆረጠው ላይ ብቻ ነው፤ ያልተቆረጠው ያለው ደግሞ እዚህ ቀጭ ቀጭ የሚለው ሆድ ውስጥ።

— አዎ፣ ገመዱ ገብቷል። መሰኪያው ላይ ያለችው መብራት ቦግ እልም ትላለች። … የኮምፒውተሮቹን መለያ ቁጥሮች ትናንት እንዳልከኝ ሞልቻለሁ፤ የመጨረሻዋ ብቻ ናት የምትለየው፣ የእሳቸው አንድ፣ የእኔ ሁለት። … ከላፕቶፑ ፒንግ ብዬ ጠራሁት፣ መለሰልኝ! … እኔም እንዳንተው ጮህኩልህ። አባባ ደንግጠው «ተገኘች?» አሉኝ። … አዎ፣ እንዲያ ነው ያሉኝ። … ምን ልበላቸው? «ገና ናት» አልኳቸው።

— መግቢያውን የሚዘጋውን ፋየርዎል አጥፍቼዋለሁ። … «ቅኔ» የሚለውን ፎልደር ሼር አድርጌዋለሁ። … የይለፍ ቃልም አውጥቼለታለሁ። … የእማዬ ስም ነው፤ ሌላ ምን ይሆናል ብለህ ነው? … እሺ፣ አሁን ከላፕቶፑ ልግባ። … ቆየኝ አንዴ። … ባንቺ! ባንቺዓለም! የኔ እናት፣ ካውያሽን ለትንሽ ጊዜ ንቀይልኝ፣ መብራቱ እየደከመ ነው! … እግዜር ይስጥልኝ! … ይቅርታ አብዱ፣ ተከራይዋ ናት፤ ቆጣሪያችን አንድ ነው።

— ስም ጠየቀኝ፣ ጻፍኩ። ቃሉንም ጻፍኩ። … አይ! እንቢ አለ! … አይደለም፣ እንደ ትናንቱ አይደለም፣ ዛሬ ሌላ ነው የሚለው። ላንብብልህ። … በእኛ ቋንቋ ስትመልሰው «በሁለቱ መካከል የቀንና የሰዓት ልዩነት አለ» ነው የሚለው። … የእኔማ ትክክል ነው። … የእሳቸው?

ወደ አሮጌው ስክሪን ጥግ አየችና ሳቋ አመለጣት። ከሳቀች ቆይታ ነበር።

— አብዱ፣ ረሳኸው እንዴ? አባባ እኮ ኮምፒውተሩን በእኛ ነው የሚያስቆጥሩት! … ዓመቱም በእኛ፣ ሰዓቱም በእኛ። ጥር አምስተኛ ወር ነው ብለው ሜይ ላይ አድርገውታል። … አዎ፣ በገዛ እጃቸው! … ምን እሱ ብቻ፣ ጥቅምት ሲሆን ፌብሩዋሪ ይሆንባቸዋል፤ እሱ ደግሞ ሃያ ስምንት ላይ ያልቅና የወሩ መጨረሻ ሁለት ቀን ኮምፒውተሩ አይከፈትም። … ጳጉሜንማ ከነጭራሹ ይተኛል! ዐሥራ ሦስተኛ ወር ከየት ያምጣላቸው?

እሷ ቢቸና፣ እሱ ሞጣ ሆነው ሳቁ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። በዚህ ነገር የምትስቀው እናቷ ነበረች። ጳጉሜን ሲገባ ኮምፒውተሩን በነጠላ ትሸፍንና «እሱም ሱባኤ ገባ» ትል ነበር። አሁን በጳጉሜን የሚሸፍነው የለም፤ አቧራው እላዩ ላይ ይሰነብታል።

— እና ምን ይሻላል? … የእሳቸውን ወደ ፈረንጁ ልቀይረው? … ቆይ ላስፈቅዳቸው። አባባ! ቀኑን ልቀይረው ነው! … ለትንሽ ጊዜ ብቻ! … ኧረ መልሼ አስተካክልልዎታለሁ! … አባባ፣ ለእማዬ ስንል ነው እኮ! … አብዱ፣ አይሆንም አሉ። … «እኔ ያኖርኩትን ቀን ማንም አይነካብኝም» አሉ። … አውቃለሁ። … አውቃለሁ አልኩህ፣ ቀጭ ቀጭ የሚለው እኮ እኔ ጆሮ ሥር ነው! … ታዲያ ልጩህባቸው? አልችልም።

መሪጌታ በሩ አጠገብ መደቡ ላይ ኩታቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ግትርነታቸው ብሶባቸዋል። ነገሩ ሳይገባቸው ቀርቶ አይደለም። ከቤታቸው አንድ ትልቅ ነገር ወጥቶባቸዋልና የቀረው ሁሉ፣ ጭልፋም ቢሆን ቀንም ቢሆን፣ ከነበረበት ንቅንቅ እንዲል አይፈልጉም። አመተ ሥላሴ ይኼ ይገባታል፤ ቢሆንም ዛሬ አንገቷ ድረስ ሞልቷታል።

— ምን አልክ? … የእኔን? … የእኔን ወደ እሳቸው ላምጣው ነው የምትለው? … ይሠራል እንዴ? … ሁለቱ እኩል ከሆኑለት የማንም ይሁን ግድ የለውም? … ወይ አንተ! እዚህ ስንት ሰዓት ስንጨቃጨቅ! … ተውት አባባ፣ አይነካብዎትም! እኔ ነኝ ወደ እርስዎ የምመጣው!

ላፕቶፑን ስምንት ዓመት ያህል ወደ ኋላ መለሰችው። ወሩን ሜይ አደረገች፣ ሰዓቱን ከአባቷ ሰዓት እያየች አስተካከለች። በፈረንጁ ብታስበው ያ ዓመት እናቷ ጓሮ ጎመን የምትተክልበት፣ ጉልበቷን የማያማት ዓመት ነበር። ይኼ ሐሳብ መጣባት፤ ብዙ አልቆየችበትም።

— ገባ! አብዱ፣ ገባ! … ተደርድሮ መጣ፣ ሁሉም ይታየኛል! … ሁሉንም መርጬ ልጎትት? … አንድ በአንድ? … ይገባኛል፣ ካስጨነቅነው ይሞትብናል። … ታዲያ የቱን ላስቀድም? ስማቸው ቀን ብቻ ነው፣ መዓት ነው። … እማዬ ያለችበትን፣ አዎ፤ ግን የቱ ላይ እንዳለች በምን አውቄ? … አንተስ አታስታውስም? የቆረጥካት አንተ አይደለህ?

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው።

— አብዱ? … አብዱ፣ እንዲያ ማለቴ አይደለም። … በእግዜር፣ አፌ ነው። … ተው፣ ተው እንዲህ አትበል። ቁረጥ ያሉህ እሳቸው፣ ሲጠራ ሰምቼ እንዴት ያምራል ያልኩህ እኔ። አንተ የታዘዝከውን ነው የሠራኸው። … የቆረጥከውን ብታስቀምጠው ኖሮማ ደግ ነበር፣ ግን ያን ጊዜ ማን አሰበው? እሷ እኮ ማዶ ክፍል ውስጥ ነበረች። ስትጠራት ትመጣለች። … አውቃለሁ። … እኛ ሥጋ ስንበላ ላንተ ለብቻህ ሹሮ ትሠራልህ ነበር፤ እንዴት ይረሳኛል? ልጇ ነበርክ። … በል እንዳታስለቅሰኝ። ላልቅስ ወይስ ልሥራ? … እንደሱ ሳቅልኝ።

— አባባ! እማዬ ሲቀዱ የገባችበትን ቀን ያስታውሳሉ? … የገባችበትን! እርስዎ ሲቀዱ! … የቱ? … እርግጠኛ ነዎት? … አብዱ፣ የኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው ይላሉ። ዓመቱንም ጠሩልኝ። … ከበዓሉ የተረፈ ዳቦ በሳህን ይዛላቸው ገባች፤ አጠገባቸው ተቀመጠችና ብዙ አወራችኝ ይላሉ። … «ብዙ» ነው የሚሉት። ፊታቸውን ብታየው! … ኅዳር ሦስተኛ ወር ነው፤ ዐሥራ ሦስቱ እንግዲህ በእሳቸው ማርች ዐሥራ ሦስት ላይ ነው። … አለ! አብዱ፣ አለ! አገኘሁት!

— ጎተትኩት። … እየሄደ ነው። … አታውራኝ፣ እየሄደ ነው። … ቆመ። … ቆመ አብዱ። … አይ፣ ሄደ፣ ሄደ! … ድምፁ በረታ፣ ይሰማሃል? አሁንስ እንደ ሰው የሚያቃስት ይመስላል። … ገባ! ሙሉው ገባ! ላፕቶፑ ላይ ነው! … እሺ፣ የሚቀጥለውን ጀምሬያለሁ። … አብዱ? … ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ። … ሙሉ በሙሉ፣ ነጭ ጽሑፍ አለበት። … አጥፍቼ ላብራው? … አበራሁት። … ጥቁር ነው። … እንደገና አበራሁት። … አይነሣም። ቀጭ የሚለውም ቀረ። ዝም ብሏል።

ለቀናት ቤቱን ሲያውክ የከረመው ቀጭታ ሲጠፋ ቤቱ ባዶ ሆነባት። ያን ሁሉ ጊዜ ስለ ቀኑ ስንጨቃጨቅ ባናጠፋው ስንት ይወጣ ነበር ብላ አሰበች፤ አባቷን ግን ቀና ብላ አላየችም።

— በቃ፣ ተወው አብዱ። … አይ፣ ሌላ ሰውም ምንም አያደርገውም፣ አንተው ነግረኸኛል። … አንድ አለን። አንድም ቢሆን እማዬ ናት። … አሁን ላጫውተው ነው፤ ስልኩን አስጠጋዋለሁ፣ አንተም ስማ። … አባባ፣ ይምጡ። … አዎ፣ ተገኘች። ይምጡ።

መሪጌታ ተነሡ። ኩታቸውን አራግፈው እንደገና ተከናነቡ፣ እንግዳ ሊቀበሉ እንደሚወጡ ሁሉ። ከላፕቶፑ የገዛ ድምፃቸው ወጣ፤ የዛሬው የሰለለው ሳይሆን ጎርናናው፣ ቤት የሚሞላው። አንድ ቅኔ ይዘው ምሥጢሩን ለተማሪ ያፍታታሉ። አመተ ሥላሴ ወደፊት እየገፋች ፈለገች፣ መለሰች፣ እንደገና ገፋች። በሩ ሲንቋረር ተሰማ። አባትና ልጅ ወደ ላፕቶፑ አጎነበሱ።

— … ሰማኸው? … አልተሰማህም? … ቆይ፣ እነግርሃለሁ። … በሩ ተከፈተ። እሷ ናት። «እርስዎ፣ እኔ እኮ ዛሬ…» አለች። … አዎ፣ ድምፅዋ ነው አብዱ፣ ራሷ ናት! … ከዚያ … ከዚያ አባባ «ዝም በይ አንቺ ሴትዮ፣ እየቀዳሁ ነው» አሏት። … አዎ። … በሩ ተዘጋ። … እስከ መጨረሻው ሄጃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ትምህርቱ ብቻ ነው። … የለም። ስለ ዳቦም የለ፣ ወሬም የለ። … ያለው ይኸው ነው።

መሪጌታ አላለቀሱም። የልጃቸውን ክንድ ነካ አድርገው ድገሚው አሏት፤ ደገመችው። አሁንም ነካ አደረጓት። በሩ ተንቋረረ፣ ይርጋነሽ ገባች፣ ያ ጎርናና ድምፅ መልሶ አስወጣት። ሽማግሌው በቀስታ ወደ ልጃቸው ዞሩና አንድ ነገር ጠየቋት። አመተ ሥላሴ ስልኩን አንስታ ወደ ጆሮዋ አስጠጋች።

— አብዱ … አለህ? … አባባ አንድ ነገር ጠየቁኝ። … «ምን ልትለኝ ነበር?» ነው የሚሉኝ። … እኔ እንጃ። ምናልባት አንተ ያን ጊዜ ስትቆርጠው … አይ፣ ልክ ነህ፣ አንተም የሰማኸው ይኼንኑ ነው። … እሺ። … እሺ ወንድሜ፣ ለኸይራት ሰላምታዬን ንገርልኝ። … ልዝጋው፤ ቆመው እየጠበቁኝ ነው።